ከጀርባ የሚመጣውን መቀበል፦ ስለ ግጭት ትራስና ስለ ፈተናው የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አውራ ጎዳና ላይ ጉድጓድ የሚደፍን ወይም መስመር የሚቀባ ቡድን ካያችሁ፣ ከኋላው ቆሞ ቢጫ ቀስት የሚያበራ ከባድ መኪና አብሮት ይኖራል። ከመኪናው ጀርባ ተጣጥፎ የሚጓዝ፣ ሥራ ሲጀመር ወደ ኋላ የሚዘረጋ ትልቅ ትራስ ታስሯል። አሜሪካ በመንገድ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ትራሱን በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ቲኤምኤ»፣ ተሸካሚውን መኪና ደግሞ «ክራሽ ትራክ» ይሉታል። እኛ እዚህ ትራስና ጋሻ መኪና እንላለን። ስለዚህ ዕቃና ስለ ግጭት ፈተናው ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስምንቱን መልሰናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ ከዳላስ፣ ቴክሳስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጋሻ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ሌሊቱን ከሠራተኞች ኋላ ቆሜ አነጋለሁ። ትራሱ ላይ «ማሽ፣ ቲኤል-3» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አለቃዬ «እስከ 62 ማይል ተፈትኗል፣ አትፍራ» ይለኛል። ይህ በትክክል ምን ማለት ነው? ሲፈተንስ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ሰው ነበር?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር። አልነበረም። በፈተናው ጊዜ ጋሻ መኪናው ባዶ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ደረቅና ንጹሕ መንገድ ላይ ይቆማል። የማለፊያ መመዘኛዎቹ በዋናነት የተጻፉት መጥቶ ለሚገጨው መኪና ተሳፋሪ ነው። ከእርስዎ መኪና የሚለካው ትልቁ ነገር በግጭቱ ምን ያህል ሜትር ወደፊት እንደተገፋ ነው።

«ማሽ» የአሜሪካ ስቴቶች የመንገድና የትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበር፣ በምኅጻሩ አሽቶ፣ በ2009 አውጥቶ በ2016 ያሻሻለው የፈተና መመሪያ ነው። ቲኤል-3 ሲባል ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 62 ማይል ነው፤ ቲኤል-2 ደግሞ 70 ኪሎ ሜትር። አንድ ትራስ የቲኤል-3 ደረጃ ለማግኘት አምስት ግጭቶችን ማለፍ አለበት። በሦስቱ መኪናው ቀጥ ብሎ መሐሉን ይመታል፦ በቁጥር 3-50 የ1,100 ኪሎ ትንሽ አውቶሞቢል፣ በ3-51 የ2,270 ኪሎ ፒክአፕ፣ በ3-54 የ1,500 ኪሎ መካከለኛ አውቶሞቢል። የቀሩት ሁለቱ ከመሐል ወጣ ያሉ የፒክአፕ ግጭቶች ናቸው፤ ከታች እንመለስባቸዋለን።

ለማለፍ ተሳፋሪው ከመኪናው የውስጥ አካል ጋር የሚላተምበት ፍጥነት ከ12.2 ሜትር በሴኮንድ መብለጥ የለበትም፤ የሚመረጠው ከ9.1 በታች ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የፍጥነት ቅነሳ ከ20.49 ጂ አይበልጥም (አንድ ጂ የመሬት ስበት የሚሰጠው የፍጥነት ለውጥ ነው)፤ የሚመረጠው ከ15 ጂ በታች ነው። መኪናው መገልበጥ የለበትም፤ ከትራሱ የወጣ ብረትም ወደ ጋቢና መግባት የለበትም። ጣሪያው ከ102 ሚሊ ሜትር፣ የፊት መስታወቱ ከ76 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ከተደፈጠጠ ትራሱ ወድቋል።

ስለ 62 ማይሉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የግጭት ጉልበት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነው። አንድ ፒክአፕ በ75 ማይል ከመጣ ትራሱ ከተፈተነበት 46 በመቶ የሚበልጥ ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው። ትራሱ እስከ ጫፉ ተጨፍልቆ ያልቅና የተረፈው ጉልበት ወደ ሻንሲው፣ ከዚያም ወደ ወንበርዎ ይደርሳል።

ለእርስዎ ለራስዎ፦ በፈተናው ዓይነት ግጭት 9 ቶን የሆነ ጋሻ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በቅጽበት ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል። ወንበሩ ጀርባዎን ሲገፋ ጭንቅላትዎ ወደ ኋላ ይቀራል። የራስ መደገፊያው ከጆሮዎ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ጭንቅላትዎም የሚቻለውን ያህል ይጠጋው። ቀበቶ ሁልጊዜ። ወደ መስኮት ዞሮ ወይም ስልክ ላይ ጎንበስ ብሎ መቀመጥ አንገትን የሚሰብር አቀማመጥ ነው። ከጀርባዎ ያለው መደርደሪያ ላይ መፍቻ፣ ቴርሞስ፣ ሬዲዮ ካለ አውርደው አጥብቀው ይሰሩት። የሥራ ቡድኑ አሠራር ሹፌሩ ወርዶ ከመንገዱ ውጭ እንዲቆም የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ይውረዱ።

ጥያቄ ከባሕር ዳር፦ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ትራሱ ለምን ያን ያህል ይረዝማል? ጠንካራ ስፕሪንግ ወይም የተደራረበ ጎማ ቢሆን አጥሮ አይሠራም?

መልስ፦ ርዝመቱን የሚወስነው የሰው አካል ነው፤ ስሌቱም በአንድ ወረቀት ያልቃል። መመሪያው ተሳፋሪውን የሚያየው በጋቢናው ውስጥ እንደሚንሳፈፍ ነጻ አካል ነው። መኪናው ሲቀንስ ሰውየው በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ከሄደ በኋላ ክሩስኮቱን እንደሚመታ ይቆጠራል። መኪናው በቋሚ መጠን እየቀነሰ ነው ብንል፣ የምቱ ፍጥነት የ2 × ቅነሳው × 0.6 ካሬ ሥር ነው። ምቱ 12.2 እንዳያልፍ ቅነሳው ከ124 ሜትር በሴኮንድ ካሬ፣ ማለትም ከ12.6 ጂ መብለጥ የለበትም። በዚህ ቅነሳ ከ100 ኪሎ ሜትር ለመቆም 3.1 ሜትር ያስፈልጋል። የሚመረጠውን 9.1 ለማግኘት ደግሞ ቅነሳው ወደ 7 ጂ ይወርድና መቆሚያው 5.6 ሜትር ይሆናል።

ችግሩ ግን አንድ ትራስ ለትንሹም ለትልቁም መኪና መሥራት ያለበት መሆኑ ነው። ባለ 1,100 ኪሎውን በ124 የሚያዘገይ ኃይል 136 ኪሎ ኒውተን ነው። ይኸው ኃይል ፒክአፑን የሚያዘገየው በ60 ብቻ ነው፤ የፒክአፑን 876 ኪሎጁል ለመጨረስም 6.4 ሜትር ይፈልጋል። ለፒክአፑ ተብሎ ትራሱ ቢጠነክር ትንሹ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ይጎዳል። ለትንሹ ቢለሰልስ ፒክአፑ አልፎ ከመኪናው ጋር ይላተማል። መውጫው ደረጃ መስጠት ነው፦ የመጀመሪያው ሜትር ለስላሳ፣ ወደ መኪናው ሲጠጋ የሚጠነክር። ጋሻ መኪናው ወደፊት መገፋቱም የተወሰነውን ጉልበት ይወስዳል፤ ባለ 9 ቶን መኪና ነጻ ሆኖ ከተገፋ ትራሱ ራሱ መዋጥ ያለበት ከ876 ወደ 700 ኪሎጁል ገደማ ይወርዳል።

ስፕሪንግና ጎማ የማይሆኑት ስለሚመልሱ ነው። የተጨመቀ ስፕሪንግ የዋጠውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ መኪናው ከቆመ በኋላ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ከኋላው ደግሞ ሌላ መኪና እየመጣ ነው። የሚፈለገው ጉልበቱን ዋጥ አድርጎ የማይመልስ ነገር ነው። ለዚህ ነው በገበያ ያሉት ትራሶች በማር እንጀራ ቅርጽ በተሠራ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ በሚታጠፉ የአሉሚኒየም ቱቦዎች፣ ወይም ርዝመቱን ይዞ በሚሰነጠቅ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ የሚሠሩት። ብረት ሲታጠፍና ሲሰነጠቅ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተቀይሮ ይቀራል፤ ተመልሶ አይመጣም።

ጥያቄ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ የእኛ ጋሻ መኪና ላይ የነበረውን የክብደት ብረት አውርደው ለጥገና የሚሆን አስፋልት መጫን ጀምረዋል። «ያው ክብደት ነው» ይላሉ። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም። ትክክል አለመሆኑም ቀን ላይ አይታይም፤ ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው የሚታየው። አስፋልቱ እየተደፋ ሲሄድ መኪናው እየቀለለ ይሄዳል፤ ማታ የቆመው መኪና ጠዋት የተመዘነው አይደለም።

ትራሱን የሠራው ድርጅት የመኪናውን ክብደት ከዚህ አይነስ፣ አንዳንዱም ከዚህ አይብዛ ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ገደቦች ከፈተናው የመጡ ናቸው። የታችኛው ገደብ የሚጠብቀው ከፊት ያሉትን ሠራተኞች ነው። ፒክአፑ በ100 ሲመታ፣ ባለ 9 ቶኑ መኪና ከፒክአፑ ጋር ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል፤ 6 ቶን የሆነው ግን ወደ 27። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ፣ ደረቅ መንገድ ላይ አማካይ ሰበቃውን 0.35 ብለን ብናሰላ የመጀመሪያው 4.6 ሜትር፣ ሁለተኛው 8.5 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። በዝናብ ሰበቃው ወደ 0.2 ከወረደ 8 እና 15 ሜትር ይሆናል። ይህ የእኛ ግምታዊ ስሌት ነው፤ የሚያሳየው ልዩነቱን ነው። የእጅ ፍሬን ካልተያዘና ማርሹ ባዶ ከሆነ ደግሞ መኪናው ራሱ ሠራተኛው ላይ የሚሄድ ገዳይ ይሆናል።

የላይኛው ገደብ ደግሞ የሚጠብቀው ገጪውን ነው። መኪናው በጣም ከከበደ አይገፋም፤ ስለዚህ ሁሉንም ጉልበት ትራሱ ብቻ ይሸከማል። የላይኛ ገደብ ያላስቀመጠ አምራች ትራሱን ሲያስፈትን መኪናው እንዳይንቀሳቀስ ከፊቱ ተደግፎ ነው የሚገጨው። በዚያ መንገድ ላለፈ ትራስ ከባድ መኪና ችግር አይደለም፤ ሌላው ግን የራሱ ጣሪያ አለው። መመሪያው ላይ ያንብቡት።

ቋሚ ክብደት ማለት ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረ ብረት ወይም ኮንክሪት ነው። በካሳው ውስጥ ልቅ የተቀመጠ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ አስፋልት በግጭት ጊዜ ከመኪናው ጋር አብሮ አይገፋም፤ መኪናው ከሥሩ ይሄዳል፣ ጭነቱ በቦታው ይቀራል ወይም ይፈሳል። ለመጀመሪያው ቅጽበት መኪናው ባዶ የሆነ ያህል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ፤ እነዚህ ስሌቶች ለፒክአፕ ናቸው። ትራሶቹ የተጫነ ከባድ መኪናን ለማቆም አልተፈተኑም። 36 ቶን የያዘ ተሳቢ በ90 ኪሎ ሜትር ሲመጣ ወደ 11,250 ኪሎጁል ይዟል፤ ከፒክአፑ 13 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ባለ 9 ቶኑን ጋሻ መኪና ፊቱ አድርጎ በ72 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊነዳው ይችላል። በጋሻ መኪናውና በሠራተኞቹ መካከል የሚተወውን ርቀት የስቴቱ የሥራ ዕቅድ በሰንጠረዥ የሚደነግገው ለዚህ ነው። ያ ርቀት ለማሳጠር የሚመች ትርፍ ቦታ አይደለም። ከሚገባው በላይ ማስረዘምም ችግር አለው፤ ትዕግሥት ያጣ ሹፌር ጋሻ መኪናውን አልፎ ወደ ክፍተቱ ይገባል።

ጥያቄ ከአዲስ አበባ፦ የግጭት ፈተና በቪዲዮ አይቻለሁ። መኪናውን ማን ይነዳዋል? አሻንጉሊቱስ ምን ይናገራል?

መልስ፦ ማንም አይነዳውም። ፈተና የሚሠሩት እንደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የትራንስፖርት ተቋም፣ ከብራያን ከተማ አጠገብ ባለው ሬሊስ ግቢ፣ ወይም በኔብራስካ ሊንከን ያለው የሚድዌስት የመንገድ ዳር ደኅንነት ማዕከል የመሳሰሉ ናቸው። የሚገጨው መኪና ሞተሩ ጠፍቶ፣ ነዳጁ ወጥቶ በብረት ገመድ ይጎተታል። አንደኛው የፊት ጎማ መንገድ በሚመራ ሌላ የተወጠረ ገመድ ላይ ይያያዛል። ትራሱ ጋር ሊደርስ ሲል ሁለቱም ይለቀቁና መኪናው ነጻ ሆኖ ይመታል። ፍጥነቱ ከታቀደው በ4 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ አቅጣጫው በ1.5 ዲግሪ ብቻ ነው ሊዛነፍ የሚችለው።

መኪናውም እንደተገኘ አይመጣም። ዕድሜው ከ6 የሞዴል ዓመት አይበልጥም፤ የፒክአፑ የክብደት ማዕከል ከመሬት ቢያንስ 71 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ዝቅ ያለ ፒክአፕ ትራሱ ላይ የመውጣት ዝንባሌውን ይደብቃልና።

አሻንጉሊቱ ብዙም አይናገርም። በትንሹ መኪና ውስጥ የሚቀመጠው 75 ኪሎ ገደማ የሆነ አካል ዋና ሥራው የሰው ክብደት መሆን ነው። ከላይ ያየናቸው ቁጥሮች የሚወጡት በመኪናው የክብደት ማዕከል አጠገብ ከታሰሩ የፍጥነት ለውጥና የመሽከርከር መለኪያዎች ነው፤ በሴኮንድ 10,000 ጊዜ ይመዘግባሉ። ከዚያ ላይ ስሌቱ ይሠራል። ከላይና ከጎን ያሉ ፈጣን ካሜራዎች ደግሞ ቁጥር የማይናገረውን ያሳያሉ፦ ኮፈኑ ከትራሱ ሥር ገባ? ማጠፊያው ተከፈተ? የተሰበረ ቁራጭ ወዴት በረረ?

ጥያቄ ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ፦ ድርጅታችን በመኪና ላይ የሚታሰረውን ትቶ በተሳቢ መልክ የሚጎተተውን ሊገዛ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ማያያዝም ቀላል ነው። ደኅንነቱ እኩል ነው?

መልስ፦ አምስቱንም ፈተና ካለፈ፣ እና እንደ ተፈተነው ከተያያዘ፣ አዎ። ጥያቄው ያለው የቀሩት ሁለት ግጭቶች ላይ ነው። በ3-52 ፒክአፑ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ግን ከመሐል በስፋቱ ሲሶ ወጣ ብሎ ይመታል። በ3-53 ደግሞ 10 ዲግሪ አዘንብሎ፣ በስፋቱ ሩብ ወጣ ብሎ። መንገድ ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው፤ የደከመው ሹፌር በመጨረሻዋ ቅጽበት መሪውን ይጠመዝዝና ጥጉን ያገኘዋል።

መኪናው ላይ በጥብቅ የታሰረ ትራስ ጥጉ ሲመታ አብሮት መኪናው ይቃወማል። በአንድ ኩላብ ብቻ የተንጠለጠለ ተሳቢ ግን ይዞራል። ሳይጨፈለቅ ወደ ጎን ይታጠፍና ፒክአፑን ያሳልፈዋል፤ ያ ፒክአፕ ደግሞ ገና ፍጥነቱን ይዟል። ይህን ለመከላከል የተሳቢ ዓይነቶቹ መዞርን የሚከለክል ቁልፍ፣ ድጋፍ ወይም ሁለተኛ ማያያዣ አላቸው። ሲገዙ የሚጠይቁት ይህን ነው፦ መዞርን የሚከለክለው ክፍል የቱ ነው? በእኛ መኪና የኋላ ሻንሲ ላይ ይገጥማል? የ3-52 እና የ3-53 ውጤት በሪፖርቱ ላይ አለ? ከማሽ በፊት በነበረው የድሮ መመሪያ በተፈተነ ዕቃ ላይ ሁለቱ የጥግ ግጭቶች በአማራጭነት የተቀመጡ ስለነበሩ አምራቹ ላይሠራቸው ይችላል። ቪዲዮውንም ጠይቁ፤ የሚሸጥላችሁ ሰው ሊያሳያችሁ ይገባል።

ጥያቄ ከአዳማ፦ በመንገድ ጥገና ሥራ ላይ ነኝ። ትራስ የለንም። በአሮጌ ገልባጭ መኪና ጀርባ ባዶ የነዳጅ በርሜሎች ደርድረን ብናስር ይረዳል?

መልስ፦ ሐሳቡ መነሻ አለው። በ1973 የታተመ የቴክሳስ ሥራ የጥገና መኪናዎችን የሚጠብቅ ተሳቢ ከተራ የብረት በርሜሎች እንዴት እንደተሠራ ይገልጻል፤ ባለ 208 ሊትሩ በርሜል ነው። ነገር ግን በርሜሉ ዝም ብሎ አልተደረደረም። በቴክሳስ የበርሜል ትራሶች ክዳኑና ወለሉ ላይ ቀዳዳ ይቆረጥ ነበር፤ ምክንያቱም ያልተቆረጠ ክዳን በርሜሉን እንደ ጠንካራ ቀለበት ያደርገዋል። የላሜራው ውፍረት፣ የበርሜሎቹ ብዛት፣ የሚይዛቸው ገመድና ፍሬም ሁሉ በስሌትና በግጭት የተወሰነ ነው።

እርስዎ የሚያስሩት ምን ያህል እንደሚጠነክር ማንም አያውቅም። በጣም ከጠነከረ ትንሿ መኪና ግድግዳ ትመታለች። በጣም ከለሰለሰ የለም ማለት ነው። ማሰሪያው ከተበጠሰ በርሜሎቹ ወደ ሌላው መስመር ይበተናሉ። ከመሬት ከፍ ካሉ የአውቶሞቢሉ ኮፈን ከሥራቸው ይገባና ፍሬሙ የፊት መስታወቱን ያገኘዋል። የነዳጅ ትነት በውስጡ የቀረ በርሜል ሲበየድም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ አይሥሩት።

ትራስ እስኪገኝ ጉልበታችሁን ግጭቱ እንዳይመጣ አድርጉት። መስመር የሚዘጋው የኮን ሰልፍ በደንብ ይርዘም፤ በአሜሪካ መመሪያ ቀመር መሠረት 3.6 ሜትር ስፋት ያለው መስመር 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በሚነዳበት መንገድ ላይ ሲዘጋ ኮኑ በ225 ሜትር ውስጥ ቀስ እያለ መጥበብ አለበት፤ 120 ከሆነ 270 ሜትር። ከአዲስ አበባ አዳማ ባለው ፈጣን መንገድ ላይ 30 ሜትር ላይ የተደረደረ ኮን ሹፌሩ ሳያየው ያልቃል። የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ከኮኑ በጣም ቀድሞ ይተከል፤ የሚያንጸባርቅ ይሁን። ጋሻ ሆኖ የሚቆመው መኪና ቀስት ወይም የሚያበራ መብራት ይያዝ።

ያለ ትራስ ከባድ መኪና ማቆም ሠራተኛውን ይጠብቃል፤ የሚመታውን ግን ይገድላል። አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር መጥቶ የራሱ ኮፈን አንድ ሜትር ብቻ ተጨፍልቆ ቢቆም አማካይ ቅነሳው 39 ጂ ነው። ኮፈኑ ከገልባጩ ካሳ ሥር ከገባ ደግሞ ጣሪያው ነው ቀድሞ የሚመታው። መኪናው ላይ ጠንካራና ዝቅ ያለ የኋላ ፓራውልት መኖሩን ቢያንስ አረጋግጡ።

ጥያቄ ከሲያትል፣ ዋሽንግተን፦ የምነዳው መኪና ላይ ያለው ትራስ የተፈተነው በድሮው «ኤንሲኤችአርፒ 350» ነው። መጣል አለበት እንዴ?

መልስ፦ እህታችን፣ በፌዴራሉ መንግሥትና በአሽቶ ስምምነት መሠረት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2019 በኋላ የተመረተ ጊዜያዊ የሥራ ቦታ ዕቃ በ2016ቱ ማሽ የተፈተነ መሆን አለበት። ከዚያ ቀን በፊት የተመረተና የድሮውን ያለፈ ግን ዕድሜው እስኪያልቅ ይሠራል። አንዳንድ ስቴቶች ከዚህ የጠበቀ ደንብ ስላላቸው የውሉን ጽሑፍ ተመልከቺ። በ1993 የወጣው የድሮው መመሪያ ፒክአፑን 2,000 ኪሎ፣ ትንሹን መኪና 820 ኪሎ አድርጎ ነበር የሚፈትነው፤ የዛሬው ፒክአፕ በተመሳሳይ ፍጥነት 13 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ጉልበት ይዞ ይመጣል። የሥራ ቦታ ምርጫ ካለሽ አሮጌውን ትራስ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ መንገድ ላይ አውይው።

ጥያቄ ከአትላንታ፣ ጆርጂያ፦ ወደ ኋላ ስንሄድ ትራሱ የድልድይ ግድግዳ ነካ። ጥጉ ትንሽ ገባ ብሏል፤ ኃላፊያችን «በመዶሻ ቀጥ አድርጉት፣ ሥራ ላይ ውጡ» አለ። ምን እናድርግ? ጠዋት ጠዋትስ ምን ማየት አለብን?

መልስ፦ አትቀጥቅጡት። አስቀድሞ የታጠፈ ላሜራ ወይም ቱቦ በሚቀጥለው ግጭት የሚታጠፈው አዲሱ እንደተፈተነበት አይደለም። የተመታው ጥግ የመጀመሪያው፣ ለስላሳው ክፍል ነው፤ ትንሿን መኪና የሚያድነውም እሱ ነው። የአምራቹን የጉዳት ገደብ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ትራሶች በክፍል የተሠሩ ስለሆኑ የተመታውን ክፍል ብቻ መቀየር ይቻላል። ብየዳ ክልክል ነው፤ የብየዳ ሙቀት አሉሚኒየሙን ያለሰልሳል። የወለቀ ብሎን በሌላ ዓይነት አይተካም፤ አንዳንዱ ብሎን ሆን ተብሎ እንዲቆረጥ የተመረጠ ነው፤ የጠነከረ ሲገባ ትራሱ በሚታጠፍበት ቦታ አይታጠፍም።

ጠዋት ትራሱን ደልዳላ መሬት ላይ ዘርጉትና ከመሬት እስከ ታችኛው ጠርዙ በሜትር ለኩ፤ ከፊትም ከኋላም። ብዙ አምራቾች ወደ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ልዩነት ይጠይቃሉ፤ የእናንተ ዕቃ ላይ የተጻፈውን ያዙ። ከፍ ካለ መኪና ከሥሩ ይገባል፤ ዝቅ ካለ ወይም አፉ ወደ ታች ካዘነበለ ፒክአፕ ይወጣበታል። ቁመቱን የሚለውጡት ነገሮች የጎማ ነፋስ፣ የደከመ ባሊስትራ፣ የተጫነ ዕቃ ናቸው፤ ስለዚህ የሚለካው ለሥራ እንደሚወጣ ሆኖ ተጭኖ ነው። ከዚያ የማያያዣ ፒኖቹና ቁልፎቻቸው በሙሉ መግባታቸውን፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ አለመንጠባጠቡን፣ ከተዘረጋ በኋላ መቆለፊያው መያዙን በእጃችሁ ነክታችሁ አረጋግጡ። የላሜራው መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካያችሁ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ውጩ ጥሩ መስሎ ውስጡ የበሰበሰ ትራስ በጣም አደገኛው ነው፤ ከፍታችሁ እንዲታይ አድርጉ። የኋላ ቢጫና ጥቁር ሰንበር የተቀደደ ወይም በጭቃ የተሸፈነ ከሆነ አጥባችሁ ወይም ቀይራችሁ ውጡ። ጥጉ የገባውን ትራስ ደግሞ ቀን፣ ቦታና ፎቶ አድርጋችሁ በጽሑፍ ለኃላፊያችሁ አስገቡ፤ ቅጂውን እናንተ ያዙ፤ ክፍሉ እስኪቀየር መኪናው ከመንገድ ይቁም።